ከዓሣው በፊት ውሃው

በቤቱ የመጀመሪያውን የባሕር ውሃ አኳሪየም ሊያቋቁም የተነሳ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰማው ምክር ትዕግሥቱን የሚፈታተን ነው። መስታወቱን አስተካክለህ አስቀምጥ፤ ጨዉን በንጹሕ ውሃ በጥብጥ፤ አሸዋና ድንጋይ አስገባ፤ ፓምፑን አስነሳ፤ ከዚያ ግን አንድም ዓሣ ሳታስገባ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ጠብቅ ይሉታል። ገንዘብ ከፍሎ ባዶ ውሃ እያዩ መቀመጥ ለማን ደስ ይላል? ስለዚህ ምክሩ ብዙ ጊዜ ይጣሳል፤ ዓሣውም ብዙ ጊዜ ይሞታል። ጥበቃውን የባለሙያ መመጻደቅ አድርገው የሚያዩትም አሉ። የቤት ውስጥ ባሕር ታሪክ ግን ይህን አያሳይም። ይህን ሥራ የጀመሩት ሰዎች ሲሳካላቸው ለምን እንደተሳካላቸው፣ ሲከሽፍባቸውም ለምን እንደከሸፈባቸው በውል ሳያውቁ ብዙ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። ያላወቁት ነገር ዛሬ ጀማሪው እንዲጠብቀው የሚነገረው ያው ነገር ነው፤ ከዓሣው በፊት ውሃው ራሱ ሕይወት ሊኖረው ይገባል።

ከዓሣ ጋር መኖር በራሱ አዲስ ነገር አልነበረም። የሮም ባለጸጎች በባሕር ዳር ቤቶቻቸው የዓሣ ገንዳ ይሠሩ ነበር፤ ቻይናውያንም ወርቃማ ዓሣ ካረቡ ብዙ ዘመን ሆኗል። ታዲያ ታሪኩን ከ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ መጀመር ለምን አስፈለገ የሚል ቢኖር፣ መልሱ ውሃው ላይ ነው። የሮማውያኑን ገንዳ የሚያድሰው በቦይ የሚገባው ባሕር ነበር፤ የቻይናውያኑ ዓሣ ደግሞ ጨው በሌለበት ውሃ የሚኖር ነው። ከባሕር ተቆርጦ የቀረ ጥቂት ውሃ ሳይበላሽ የሚቆይበት ብልሃት በሁለቱም ዘንድ አላስፈለገም። በ1830ዎቹ በሲሲሊ ደሴት በመሲና የኖረችው ፈረንሳዊት ዣን ቪልፕሬ ፓወር እንኳ፣ አርጎናውት የሚባለው ባለ ስምንት እጅ እንስሳ ቅርፊቱን ራሱ እንደሚሠራ በመስታወት ሣጥን ውስጥ እያየች ያረጋገጠችው ባሕሩ ከደጇ ስለነበረ ነው። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን የስኮትላንዳዊው የጆን ዳልየል አኔሞን ነው። ዳልየል ይህን አበባ መሳይ እንስሳ በ1828 ከኖርዝ ቤሪክ ዳርቻ አንሥቶ በማሰሮ አኖረው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዳልየል በ1851 ሲሞት እንስሳው ከአንዱ ምሁር ወደ ሌላው እየተላለፈ እስከ 1887 ኖረ። ማጣሪያም ፓምፕም አልነበረውም፤ የነበረው በየጊዜው የሚቀየር ንጹሕ የባሕር ውሃ ብቻ ነው። ዳልየል የኖረባት ኤድንበርግ ለባሕር ቅርብ ናት፤ ለንደን ውስጥ ለሚኖር ሰው ግን ይህ መንገድ አይሆንም።

ለንደን ላይ ነገሩን በድፍረት የሞከረችው አና ታይን ናት። ባሏ የዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን ከፍተኛ አገልጋይ ነበር። በ1846 ከቶርኪ ዳርቻ ትናንሽ ኮራሎችን ሰበሰበች፤ በመንገድ እንዳይጋጩ በመርፌና በክር ከስፖንጅ ጋር ሰፍታ በድንጋይ ማሰሮ ወደ ከተማ አመጣቻቸው። የባሕር ውሃ በየጊዜው ማስመጣቱ አድካሚ ስለሆነ ያንኑ ውሃ ማደስ ነበረባት፤ ስለዚህ የቤት ሠራተኛዋ ውሃውን በተከፈተ መስኮት ፊት ለግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ከዕቃ ወደ ዕቃ እንድትገለብጠው አደረገች። በ1847 ደግሞ የባሕር አልጌ ጨመረችበት። ኮራሎቹ ሦስት ዓመት ገደማ ኖሩ። ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን የመጀመሪያው የተመጣጠነ የባሕር አኳሪየም ይሉታል፤ እኔም ሚዛኑን ስመለከት እስማማለሁ፤ ነገር ግን ክብሩ ሁሉ ለእመቤቲቱ መሰጠቱ ትክክል አይመስለኝም። ዛሬ የሃያ ዋት ሞተር የሚሠራውን ሥራ በክንዷ የሠራችው ሠራተኛዋ ናት። የአኳሪየም የመጀመሪያው ፓምፕ ሰው ነበረ።

ታይን በተግባር ያገኘችውን በንድፈ ሐሳብ ያጸናው ኬሚስቱ ሮበርት ዋሪንግተን ነው። እጽዋት በብርሃን ኦክስጅን እንደሚሰጡ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ይታወቅ ነበር። ዋሪንግተን በ1849 ወርቃማ ዓሣና የውሃ ተክል በአንድ ዕቃ አኖረ፤ መጀመሪያ ሁሉም ደህና ሆነ፤ ቀጥሎ የተክሉ ቅጠል እየበሰበሰ ውሃውን አደፈረሰው። ያን ጊዜ የበሰበሰውን የሚበላ የውሃ ቀንድ አውጣ ሲጨምር ውሃው ጠራ። ከዚህ ተነሥቶ ተክሉ ለእንስሳው ኦክስጅን ይሰጣል፣ እንስሳው ለተክሉ የሚያስፈልገውን ጋዝ ይመልሳል፣ ቀንድ አውጣው ቆሻሻውን ይጠርጋል የሚል የሚዛን ሐሳብ አቀረበ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በባሕር ውሃም ሞከረው። ሐሳቡ ውብ ነው፤ በቀላሉ ይነገራል፤ በሥዕልም ይታያል። የችግሩ ምንጭም እዚህ ላይ ነው። በሐሳቡ መሠረት መርዙ የአየር እጦት ብቻ ሲሆን፣ መድኃኒቱም ተክል ብቻ ይሆናል። ዓሣ በመተንፈሻው የሚያወጣው አሞኒያ በዚህ ሒሳብ ውስጥ ቦታ አልነበረውም።

ሐሳቡን ከቤተ ሙከራ አውጥቶ ወደ ሳሎን ያስገባው ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ ነው። ሃይማኖተኛ፣ ጥሩ ሠዓሊ፣ ብዕሩም የሚማርክ ሰው ነበር። በ1853 በለንደን የእንስሳት ማቆያ ለሕዝብ የተከፈተው የዓሣ ቤት እሱ ከዴቮን ዳርቻ በሰበሰባቸው እንስሳት ጭምር ተሞላ፤ በ1854 ያሳተመው ስለ አኳሪየም የሚናገረው መጽሐፉ ደግሞ አገር አዳረሰ። ጎስ ከባሕር ለራቁ ሰዎች የባሕር ውሃ አዘገጃጀትም አወጣ፤ ከአራት ሊትር ተኩል በሚያንስ ውሃ ውስጥ 3 አውንስ ተኩል የምግብ ጨው፣ ሩብ አውንስ ማግኒዥየም ሰልፌት፣ ከዚያም ጥቂት ማግኒዥየም ክሎራይድና ፖታሲየም ክሎራይድ። ኖራውን ዛጎልና ድንጋይ ይሰጡታል ብሎ ተወው። እዚህ ላይ የኢትዮጵያ አንባቢ የራሱን አገር ማስረጃ ማየት ይችላል። የአፋር ዝቅተኛ ቦታ ጥንት ባሕር ነበረበት፤ ያ ባሕር ሲደርቅ ጨዎቹ አንድ ላይ አልተጋገሩም፤ አሞሌ የሚቆረጥበት የምግብ ጨው በአንድ በኩል፣ የዳሎል ፖታሽ በሌላ በኩል ተለያይተው ተከማቹ። ስለዚህ አሞሌ ቢሟሟ ጨዋማ ውሃ እንጂ ባሕር አይሆንም። ጎስ ይህን የተረዳው በሚዛንና በኬሚስቶች ትንተና ነው፤ በውሃው ይዘት ረገድ ከዘመኑ ቀድሞ ሄዷል ማለት ይቻላል። በውሃው ሕይወት ረገድ ግን እንደ ሌሎቹ ነው።

ከ1850ዎቹ አጋማሽ በኋላ የእንግሊዝ መካከለኛ መደብ በአኳሪየም አበደ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ደራሲዋ ጆርጅ ኤልየትና የሕይወት አጋሯ ጆርጅ ሄንሪ ሉዊስ በ1856 በዴቮን ዳርቻ እስካለችው ኢልፍራኮም ወርደው በድንጋይ ጉድጓዶች ውስጥ እንስሳ ሲለቅሙ ከርመዋል። ዊልያም አልፎርድ ሎይድ በለንደን ሱቅ ከፍቶ አኔሞንና የባሕር ውሃ ይሸጥ ነበር። ብዙ ጸሐፊዎች ይህን ሁሉ ያስቻለው ቴክኖሎጂ ነው ይላሉ፤ የመስታወት ግብር በ1845 ተነሣ፣ መስታወት ረከሰ፣ ባቡርም ከዳርቻው እስከ ከተማው ማሰሮውን በአንድ ቀን አደረሰ። እውነት ነው፣ ያለ እነዚህ ነገሩ አይጀመርም ነበር። ነገር ግን ክርክሩ ከዚህ በላይ አያራምድም። መስታወቱም ባቡሩም በ1860ዎቹ አልጠፉም፤ እንዲያውም በዙ፤ የአኳሪየሙ ፍቅር ግን በረደ። የተፈጥሮ ታሪክ ጸሐፊው ጆን ጆርጅ ዉድ በ1868 ስለ አኳሪየም ሲጽፍ የግለቱ ዘመን እንዳለፈ ያወራ ነበር። ፋሽን አልፎ ሌላ ፋሽን መጣ ብሎ መዝጋት ቀላል ነው፤ ፋሽንማ ነበር። ሆኖም ሰው የሚሸት ውሃና የሞተ እንስሳ ከሳሎኑ ሲያወጣ ምክንያቱን ከፋሽን ብቻ መፈለግ የለብንም። በአንድ ቀን የተሞላ ሣጥን፣ በዚያው ቀን የገቡ ብዙ እንስሳት፣ መስኮት ፊት የተቀመጠ የሚበሰብስ አልጌ፤ ውጤቱ ከጅምሩ የታወቀ ነበር።

ዳርቻውም ዋጋውን ከፍሏል። የጎስ ልጅ ኤድመንድ ጎስ በ1907 ባሳተመው የሕይወት ታሪክ፣ አባቱ ያስተዋወቃቸው የድንጋይ ጉድጓዶች በሰብሳቢዎች ተራቁተው መቅረታቸውን በኀዘን ያነሳል። የሞተውን ለመተካት ሌላ ይለቀም ነበርና፣ የውሃው ምሥጢር አለመታወቅ ለባሕሩም ጥፋት ሆነ።

ከነጋዴዎቹ ሁሉ ወደ እውነቱ የቀረበው ሎይድ ነው እላለሁ፤ ይህም በስሌት ሳይሆን በኪሳራ የተገኘ ዕውቀት ይመስላል። በኋላ የሃምቡርግንና በ1871 የተከፈተውን የለንደን ክሪስታል ፓላስ አኳሪየም ሲያደራጅ፣ ሰው የሚያያቸውን ሣጥኖች ከመሬት በታች በጨለማ ካለ ከእነሱ ብዙ እጥፍ ከሚበልጥ የውሃ ማከማቻ ጋር አገናኛቸው፤ ውሃው ሌት ተቀን በሞተር ይዞር ነበር። ለውሃው ከእንስሳው የበለጠ ቦታ ሰጠ ማለት ነው። በጨለማው ውስጥ ምን እየተካሄደ እንደነበረ የታወቀው ግን ከአኳሪየም ሰዎች አይደለም። ኬሚስቶቹ ሽሎሲንግና ሙንትዝ በ1877 በፈረንሳይ ፍሳሽ ቆሻሻ በአሸዋ ውስጥ ቀስ ብሎ ሲወርድ አሞኒያው ወደ ናይትሬት እንደሚለወጥ አዩ፤ ለውጡ የሚጀምረው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ ክሎሮፎርም ሲጨመርበትም ቆመ። የሚሠራው ሕይወት ያለው ነገር መሆኑ በዚህ ታወቀ። በ1890 የረቂቅ ተሕዋስያን ተመራማሪው ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ ሥራውን የሚሠሩትን ባክቴሪያዎች ለየ፤ አንዱ ወገን አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ናይትራይትን ወደ ናይትሬት ይቀይራል። በድንጋይና በአሸዋ ላይ ይጣበቃሉ፣ ዝግ ብለውም ይራባሉ። ከዚያ በፊት ለተሠራው ሁሉ ይህ ግኝት ወደ ኋላ ብርሃን ያበራል። የአና ታይን ጥቂት ኮራሎች ቀስ በቀስ በረጋ ዕቃ ውስጥ ኖሩ፤ የሳሎኑ ሣጥን ግን ባክቴሪያዎቹ ሳይበዙ በአሞኒያ ተሞላ።

እንግዲህ የዋሪንግተን ሚዛን ስሕተት ነበር ልንል ነው? የለም፤ አልጌ አሞኒያን ራሱ ይመገባልና በከፊል ልክ ነበር፤ ያውም እሱ ባልጠቀሰው ምክንያት። ትክክል የሆነ ነገር ባልተሟላ ምክንያት ሲያዝ ግን ሲሳካ ያኮራል፣ ሲከሽፍ ምን እንደሚታረም አይናገርም። ለዚህ ነው ከዓመት ዓመት መጽሐፉ እየበዛ አያያዙ ብዙም ያልተሻሻለው።

የባክቴሪያው ዕውቀት ወደ ሰው ቤት እስኪገባ ደግሞ ሌላ ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አውሮፕላን የሞቃት ባሕር ዓሣዎችን ማመላለስ ጀመረ፤ በ1960ዎቹ በሲሊኮን የተጣበቀ ሙሉ የመስታወት ሣጥን በጨው የሚዛገውን የብረት ማዕቀፍ ተካ፤ የተዘጋጀ የባሕር ጨውም በከረጢት ለገበያ ቀረበ። ከቀይ ባሕር የሚመጡትም ዓሣዎች ከዚያ ወዲህ በየአገሩ ሳሎን ገቡ። ከእነሱ አንዱን፣ ባለ ሁለት ነጭ መቀነቱን ዓሣ፣ በ1830 በሳይንስ ስም የሰየመው ኤድዋርድ ሩፔል ነው፤ ከምጽዋ ተነሥቶ ጎንደር ድረስ የዘለቀው ያው የፍራንክፈርት ተጓዥ። የቀይ ባሕር ውሃ በሺህ 40 ገደማ ጨው አለው፤ የውቅያኖሶቹ አማካይ 35 ነው። ከረጢቱ ላይ ያለው መመሪያ ብቻ ባሕር አይሠራም የምለው ለዚህም ነው። ከሁሉም የሚልቀው ግን በ1961 የጃካርታው ሊ ቺን ኤንግ ያቀረበው ዘዴ ነው፤ ከባሕር የወጣ ሕይወት የተሞላ ድንጋይ፣ የፀሐይ ብርሃንና ትንሽ የአየር አረፋ። ማጣሪያው ድንጋዩ ራሱ ሆነ። ዛሬ ጀማሪ ድንጋይ ግዛ የሚባልበት ምክንያት ከጌጥ በፊት ይህ ነው።

አሁን በጠርሙስ የታሸገ ባክቴሪያ አለ፣ መመርመሪያ ኪትም አለ፤ የድሮውን ጥበቃ ምን አመጣው የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ጠርሙሱ ጊዜውን ሊያሳጥር ይችላል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ጠርሙሱም ቢሆን የሚያስገባው ሕያዋንን ነው፤ እነሱም እስኪጣበቁና እስኪበዙ ጊዜ ይፈልጋሉ። ኪቱ ያመጣው ለውጥ ደግሞ ጥበቃውን መሰረዝ አይደለም፤ መቼ እንዳለቀ ማሳየት ነው። ጎስም ሎይድም ይህን አላገኙም። ስለዚህ ሻጩ ሣጥኑንና ዓሣውን በአንድ ቀን ልሸጥልህ ቢልህ ሣጥኑን ውሰድ፤ ለዓሣው ግን አሞኒያውና ናይትራይቱ ዜሮ ሲሆኑ ተመለስ።