የፎገራ መጻሕፍትና የመቅደላ መንገድ

ቤተ መጻሕፍት ሲባል የዛሬ ከተሜ የሚያስበው ወንበርና ጠረጴዛ የተደረደረበትን፥ ማንም ገብቶ የሚያነብበትን አዳራሽ ነው። በአዲስ አበባ ወመዘክር የተባለው ቤተ መጻሕፍት የተከፈተው በ1936 ዓ.ም. ነው። ይህ ማለት ግን ከዚያ አስቀድሞ በአገራችን መጻሕፍት ማደሪያ አልነበራቸውም ማለት አይደለም። ከጣና በስተ ምሥራቅ፥ ርብና ጉማራ በሚያጠጡት በፎገራ ሜዳ፥ ቤተ መጻሕፍቱ የደብሩ ዕቃ ቤት ነበረ፤ ጠባቂውም ቄሰ ገበዙ።

ፎገራ በክረምት ውኃ የሚተኛበት አገር ነው። ስለዚህ ብራናው በቆዳ ማኅደር እየገባ ከምድር ከፍ ብሎ በግድግዳ ላይ ይሰቀል ነበረ፤ ርጥበትና አይጥ ከሌባ ይልቅ የሚፈሩ ጠላቶች ናቸውና። አንዱን መጽሐፍ ብዙ ተማሪ ይማርበታል፤ መምህሩ በቃሉ ይነግራል፥ ተማሪው ተቀብሎ ይቀጽላል፥ መጽሐፉም ሲጠራጠሩ የሚገለጥ ዳኛ ነው። ነገር ግን ከዚህ መጽሐፍ የሚጠቀም ተማሪና ካህን ብቻ አልነበረም። በወንጌሉ ባዶ ቅጠልና ኅዳግ ላይ የርስትና የጉልት ስጦታ፥ የኑዛዜ ቃል፥ የምስክሮችም ስም ይጻፍ ነበረ። ፊደል ያልቆጠረ ባላገር እንኳ በመሬት በተከራከረ ጊዜ ወንጌሉ ወጥቶ እንዲነበብለት ይለምናል። እንግዲህ ያ ዕቃ ቤት ትምህርት ቤትም፥ መዝገብ ቤትም ነበረ፤ መጽሐፉን የሰረቀ ሁሉ ውጉዝ ይሁን ተብሎ በገጹ ላይ መጻፉም ያለ ምክንያት አልነበረም።

ከሜዳው ወዲያ በባሕሩ ላይ ያሉት ገዳማት ደግሞ የባሰ ቀን በመጣ ጊዜ መጠጊያ ነበሩ። ጣና ቂርቆስ፥ ዳጋ እስጢፋኖስ፥ የዓፄ ሠርጸ ድንግል መቃብር ያለበት ሬማ መድኃኔ ዓለም፥ ሁሉም በታንኳ ካልሆነ አይገባባቸውም። ከነዚህ ደሴቶች መጻሕፍት ብዙዎቹ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀርመናዊው ሊቅ ኤርንስት ሐመርሽሚት ፎቶግራፍ እስኪያነሣቸውና ዝርዝራቸውን እስኪጽፍ ድረስ በስፍራቸው ቆይተው ተገኙ። ውኃው የከለከለው መንገደኛውን ብቻ አይደለም፤ ዘራፊውንም ጭምር ነው።

በየብስ ያለው መጽሐፍ ግን እንዲህ ያለ አጥር አልነበረውም። ከጎንደር ወደ ደብረ ታቦር የሚወስደው መንገድ በእንፍራዝ አልፎ፥ ርብን ተሻግሮ፥ በፎገራ በኩል ወደ ደጋው ይወጣል። ዓፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን በዘረፉ ጊዜ የአድባራቱ ንዋየ ቅድሳትና መጻሕፍት ወደ ደብረ ታቦር፥ ከዚያም ወደ መቅደላ ተጋዙ። የንጉሡ አሳብ በመቅደላ መድኃኔ ዓለም ታላቅ የመጻሕፍት ቤት ለማቆም ነበረ ይባላል፤ አሳቡም በራሱ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን የአንድ አገር መጽሐፍ ሁሉ በአንድ አምባ ላይ ሲከማች ለአንድ ጠላት ይመቻል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ተያዘ፥ ንጉሡም በገዛ እጃቸው ሞቱ። በአምባው ከተገኙት ወደ 1000 ከሚጠጉት መጻሕፍት 350 ያህሉ ወደ ሎንዶን ሄደው በብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ፤ ከቀሩትም አንዳንዶቹ በመመለሻው መንገድ ላሉ አብያተ ክርስቲያናት ተሰጡ።

ከመጻሕፍቱ ጋር በኅዳጋቸው የተጻፈው የርስትና የጉልት ነገርም አብሮ ተሻገረ። የጎንደርን አድባራት የመሬት ታሪክ ሊጽፍ የሚወድ ሊቅ የሎንዶንን መጻሕፍት መመልከት ግድ ሆነበት። የመጽሐፍ መጥፋት የመንግሥትን ሥራ ምን ያህል እንደሚያውክ ዓፄ ዮሐንስ አውቀውታል፤ በ1864 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ ጽፈው ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው ለመኑ፥ ያለዚያ መጽሐፍ ሕዝባቸው እንደማይታዘዝላቸውም አስረዱ። ሙዚየሙ ሁለት ቅጂ ነበረውና አንዱን ሰደደላቸው።

በዚያው ዘመን ከፎገራ የወጣ አንድ ሊቅ ነበረ። አለቃ ገብረ ሐና የናበጋ ጊዮርጊስ ተወላጅ ናቸው። የዛሬ ሰው ስማቸውን በቀልድ ብቻ ያነሣል፥ ይህም ያሳዝናል፤ እሳቸው ግን በጎንደር በኣታ ወንበር ዘርግተው ያስተማሩ የአቋቋም መምህር ናቸው። ከዓፄ ቴዎድሮስ ጋር ባለመስማማታቸው ወደ ጣና ገብተው በሬማ ተቀመጡ ይባላል። እንደሚተረከውም የባሕሩን ማዕበልና በነፋስ የሚወዛወዘውን ደንገል እያዩ በመቋሚያና በጸናጽል አዲስ የአቋቋም ሥርዓት አወጡ። የጎንደር ሊቃውንት ለጊዜው አልወደዱትም። ልጃቸው ተክሌ ግን ከአባቱ ተምሮ በደብረ ታቦር ኢየሱስ አስተማረው፤ ሥርዓቱም በልጁ ስም ተክሌ ተባለ። የጎንደር መጻሕፍት በደብረ ታቦር አልፈው ወደ መቅደላ ሄዱ፤ ተክሌ ግን በዚያው በደብረ ታቦር ተተክሎ፥ መምህሩ ለደቀ መዝሙሩ እያቀበለ፥ ዛሬም በበዓል ቀን ይቆማል።