የሰው ልጅና የማኅበራዊ ሮቦት ትብብር በውሳኔ ጨዋታዎች

ማኅበራዊ ሮቦት የሚባለው ከሰዎች ጋር በንግግርና በእንቅስቃሴ እንዲግባባ ታስቦ የሚሠራ ሮቦት ነው። ሰዎች ከእንዲህ ዓይነቱ መሣሪያ ጋር ምን ያህል እንደሚተባበሩ ለማወቅ ተመራማሪዎች የውሳኔ ጨዋታዎችን በመለኪያነት ይጠቀማሉ።

ከጨዋታዎቹ ዋነኛው «የእስረኞች አጣብቂኝ» ነው። ይህንን ጨዋታ እ.ኤ.አ በ1950 በአሜሪካው ራንድ ተቋም ሜሪል ፍለድና ሜልቪን ድሬሸር የነደፉት ሲሆን፣ ስያሜውን የሰጡት የሂሳብ ሊቁ አልበርት ተከር ናቸው። ሁለት ተጫዋቾች ሳይመካከሩ ለመተባበር ወይም ለመክዳት ይወስናሉ። ሁለቱም ቢተባበሩ ሁለቱም ይጠቀማሉ፤ አንዱ ብቻ ቢከዳ ግን ከሃዲው የላቀ ትርፍ ያገኛል፤ ሁለቱም ከከዱ ሁለቱም ይጎዳሉ። በሌላው ጨዋታ ደግሞ አንደኛው ተጫዋች የተሰጠውን ገንዘብ እንዴት እንደሚያካፍል ሐሳብ ያቀርባል፤ ተቀባዩ ካልተስማማ ሁለቱም ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ።

በሁለቱ ጨዋታዎች ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ በ2016 ታትሞ የወጣ የኒውዚላንዱ ካንተርበሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት እንደሚያመለክተው፣ ተሳታፊዎች ከሮቦት ይልቅ ከሰው ጋር አብልጠው ተባብረዋል፤ በገንዘብ ክፍፍሉም አብዛኞቹ ለሰው ይበልጥ ፍትሐዊ ሆነዋል። ይሁንና ለተደረገላቸው ነገር አጸፋውን በመመለስ ረገድ በሰውና በሮቦት መካከል የጎላ ልዩነት አላሳዩም። ከስልቶች ሁሉ አትራፊ ሆኖ የተገኘውም፣ «ብድር በምድር» እንደሚባለው፣ የተደረገውን መልሶ የማድረግ ስልት ነው።

አካል በሌላቸው የኮምፒውተር ፕሮግራሞች የተደረጉ ጥናቶችም ተቀራራቢ ዝንባሌ አሳይተዋል። እ.ኤ.አ በ2003 የወጣ ጥናት፣ ሰዎች ፍትሕ የጎደለውን ክፍፍል ከኮምፒውተር ሲመጣ ይልቅ ከሰው ሲመጣ አብዝተው እንደማይቀበሉት አረጋግጧል። እ.ኤ.አ በ2021 በጀርመንና በእንግሊዝ ተመራማሪዎች የቀረበው ደግሞ፣ ሰዎች ማሽኑ እንደሚተባበራቸው በሰው ላይ በሚጥሉት መጠን ቢተማመኑም፣ ቸርነቱን ለራሳቸው ጥቅም የማዋል ዝንባሌያቸው ከፍ ያለ መሆኑን ገልጿል።

እ.ኤ.አ በ2019 የታተመ ሌላ ጥናት ያነሳው ጉዳይ ከበድ ያለ ነው። ፕሮግራሙ ሰው ነው ተብሎ ሲቀርብ ሰዎችን ለትብብር በማነሣሣት ከሰው የበለጠ ሲሆን፣ ማንነቱ ሲገለጽ ግን ትብብሩ ቀንሷል። በዚህም እውነቱን መናገር ትብብርን የሚያሳጣ፣ መደበቅ ደግሞ ሰውን የሚያታልል ሆኖ ተገኝቷል።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ በ2024 ያጸደቀው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሕግ፣ ሰዎች የሚነጋገሩት ከማሽን ጋር መሆኑ ግልጽ ካልሆነ እንዲነገራቸው በመደንገግ ለግልጽነት ቅድሚያ ሰጥቷል። በመሆኑም ማንነቱን ሳይሸሽግ የሰውን ትብብር የሚያገኝ ሮቦት መሥራት የዘርፉ ዐቢይ ተግባር ሆኗል።