ቢላው ቀደመ ወይስ ጥርሱ?

የፋሲካ ቅርጫ ሲከፋፈል ልብ ብሎ ያየ ሰው ያውቀዋል። በሬው ተገፎ ቅጠል ላይ ከተዘረጋ በኋላ የሚበልተው ሰው ቢላ አጥንት ሲነካ ጭረት ይተዋል። መደቡ ተደልድሎ ዕጣው ከወጣ በኋላ አንዱ ቅልጥሙን በመጥረቢያ ጀርባ መትቶ ይሰብረዋል፤ መቅኒው ይወጣል። የተጋጠው አጥንት ደግሞ ዳር ቆሞ ለሚጠብቀው ውሻ ይወረወራል። በዚያ አጥንት ላይ ሦስት ምልክት ይቀራል፦ የቢላው ጭረት፣ የመጥረቢያው ምት፣ የውሻው ጥርስ። ተራቸውም አብሮ ይቀራል። የጥርሱ ጠባሳ የቢላውን ጭረት አቋርጦት ካለፈ፣ ውሻው የደረሰው ከሰው በኋላ ነው።

የጥንት እንስሳትን አጥንት የሚመረምሩ ሊቃውንት ሥራም ከዚህ ብዙ አይርቅም። የሚለየው ድግሱ ከተበላ 2 ሚሊዮን ዓመት ያለፈው መሆኑ ነው።

በአፋር፣ መካከለኛው አዋሽ ውስጥ ቡሪ የሚባል ሥፍራ አለ። እ.ኤ.አ. በ1999 ዶክተር ብርሃነ አስፋው፣ አሜሪካዊው ቲም ኋይትና ባልደረቦቻቸው ከዚያ የተገኘ አዲስ የሰው ዘር ዝርያ ለዓለም አስተዋወቁ። ዕድሜው 2.5 ሚሊዮን ዓመት ነው፤ ስሙንም «ጋርሂ» አሉት፣ በአፋርኛ ያልተጠበቀ ነገር እንደማለት። በዚያው ዘመን አፈር ውስጥ የተገኙት የእንስሳት አጥንቶች ግን ከስሙም በላይ ያልተጠበቁ ነበሩ። አንዱ የቆርኬ ዘመድ የሆነ እንስሳ የታች መንጋጋ ሲሆን፣ ጭረቱ ያለው በውስጥ በኩል ምላስ በሚያያዝበት ቦታ ነው። ሌላው ሥጋው ተፍቆ፣ በድንጋይ ተደብድቦ የተሰበረ ቅልጥም ነው። ባለሦስት ጣት የጥንት ፈረስ የጭን አጥንትም ጭረት ተገኝቶበታል። ምላስና መቅኒ! ዛሬም ቢሆን ከቅርጫ ላይ ዓይን የሚጣልባቸው ናቸው።

ያን የቆረጠው ስለት ግን በአካባቢው አልተገኘም ማለት ይቻላል። ቡሪ ያኔ የሐይቅ ዳር ነበረች፤ ለስለት የሚሆን ድንጋይ በቅርብ የለም። ከቡሪ በስተሰሜን ባለችው ጎና ግን እነ ዶክተር ስለሺ ሰማው 2.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ ስለታም የድንጋይ ስንጣሪዎችን አግኝተዋል። ስለዚህ የቡሪ ሰዎች ድንጋያቸውን ከሩቅ ይዘው መጥተው፣ ሲጨርሱ ይዘውት ሄደዋል የሚል ግምት ተወሰደ። ስለቱ በሌለበት አጥንቱ ምስክር ሆነ።

ለብዙ ዘመን የጥንት ሰው ሲነሳ ወደ አእምሯችን ይመጣ የነበረው ጦር የያዘ ጀግና አዳኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በታንዛኒያ ኦልዱቫይ ገደል፣ 1.8 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ባላቸው አጥንቶች ላይ የተነሳው ክርክር ይህን ሥዕል አናጋው። አሜሪካዊው ሉዊስ ቢንፎርድ፣ ሰው የደረሰው አውሬው ጠግቦ ከሄደ በኋላ ነው፤ የቀረውን ለቃሚ ነበር አለ። ሄንሪ በን በበኩሉ ጭረቶቹ ሥጋ በሚበዛባቸው አጥንቶች ላይ መሆናቸውን አሳይቶ፣ ሰው ቀድሞ ደርሷል ሲል ተከራከረ። ሁለቱም የያዙት ያንኑ የማን ቀደመ ጥያቄ ነው። መልሱ ምንም ይሁን ምን የመቅኒው ነገር ግልጽ ነው። አንበሳ የትልቅ እንስሳን ቅልጥም መስበር አይሆንለትምና ትቶት ይሄዳል፤ የሚሰብረው ጅብ ነው። ድንጋይ ያነሳ ሰው የጅብ መንጋጋ በእጁ ያዘ ማለት ነው።

ችግሩ ጭረት የሚያወጣው ስለት ብቻ አለመሆኑ ነው። በማይክሮስኮፕ ሲታይ የድንጋይ ስለት ጭረት ጠባብና ሹል ሸለቆ ይመስላል፤ በውስጡም ቀጫጭን መስመሮች ጎን ለጎን ይሄዳሉ። የሥጋ በል እንስሳ ጥርስ ሰፋ ያለና ሥሩ ክብ የሆነ ቦይ ያወጣል። በአሸዋ ላይ የወደቀን አጥንት ከብት ሲረግጠው ደግሞ ጠጠሩ እንደ ቢላ ይቧጭረዋል። ታንዛኒያዊው ጃክሰን ንጃውና ባልደረባው አጥንት ለአዞ እየሰጡ የአዞ ጥርስ ምን ትቶ እንደሚያልፍ አጥንተዋል።

እ.ኤ.አ. በ2010 የዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን እዚያው አፋር ውስጥ ካለችው ዲኪቃ ሁለት አጥንቶች ይዞ ብቅ ሲል ክርክሩ ጋለ። አንዱ ላም የሚያክል እንስሳ ጎድን፣ ሌላው ፍየል የሚያክል እንስሳ ጭን ነው፤ ዕድሜያቸው 3.4 ሚሊዮን ዓመት ገደማ፣ የድንቅነሽ ዘመዶች ዘመን። ቡድኑ ጭረቱ የድንጋይ ስለት ነው አለ፤ ተቺዎች እንስሳት ሲረግጡት የወጣ ነው አሉ።

እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ዶክተር ዮናታን ሳህሌና ባልደረቦቹ ከአፋር ሥፍራዎች የሐዳርን፣ የማካን፣ የአሳ ኢሴንና የቡሪን አጥንቶች እንደገና ፈትሸው፣ በእነዚህ አጥንቶች ላይ የአዞ ጥርስ ድርሻ ቀላል እንዳልነበረ አሳዩ። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ቲም ኋይት ነው፤ የቡሪን ግኝት ካበሰሩት አንዱ። ራሱ በመሰከረበት ጉዳይ ላይ ተመልሶ መርማሪ መሆን ይሏል ይኼ ነው።

ወደ እኛ ዘመን ሲጠጉ አጥንቶቹ እየበዙ ነገሩም እየጠራ ይሄዳል። በባሌ ተራሮች፣ 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ ፊንጫ ሐበራ የሚባል የዋሻ መጠለያ አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው ጥናት መሠረት ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች ኖረውበታል። ስንቃቸው ዝሆን ወይም ጎሽ እንዳይመስልዎ፤ ግዙፉ የባሌ ፍልፈል ነበር፤ የተቃጠሉት አጥንቶቹ እየጠበሱ ይበሉት እንደነበር ይናገራሉ። በዚያ ብርድና ስስ አየር ውስጥ፣ በቅርብ የሚገኝና ማሳደድ የማያስፈልገው ሥጋ እሱ ነው።

ዛሬም እዚያው ተራራ ላይ ቀይ ቀበሮ ፍልፈሉ እስኪወጣ ጉድጓዱ አጠገብ አድፍጦ ይጠብቃል። ጀግናው አዳኝ አያታችንም ከቀበሮው ጋር የሚሻማው በዚያች ጉድጓድ ነበር።