ነጋሪቱ የተጎሰመው ለማን ነበር?

ዛሬ ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ ብለናል።

ጋዜጠኝነት ስንማር የሸመደድናት አንዲት ጥያቄ አለች። ሃሮልድ ላስዌል የተባለ አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1948 ያስቀመጣት ናት፦ ማን፣ ምን፣ በምን መንገድ፣ ለማን ተናገረ፣ ምንስ ውጤት አመጣ? ፈተናውን አለፍን። ሥራ ስንጀምር ግን «ለማን» የምትለዋ ከመሃል ጠፋች። ስለ እናቶች ጤና ያዘጋጀነውን በራሪ ወረቀት አንዲት እናት አንብበው ሲጨርሱ፣ «ልጆቼ፣ ጎበዝ ናችሁ፤ ግን ምን አድርጊ ነው የምትሉኝ?» አሉን። መልስ አልነበረንም።

ያኔ ነው የአፄ ምኒልክን የክተት አዋጅ እንደ አዲስ ያነበብነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከውጫሌ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል በአንቀጽ 17 ላይ ሁለት ፊት ነበረው። የአማርኛው ጽሑፍ ምኒልክ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ሲጻጻፉ ከፈለጉ በጣሊያን በኩል ማድረግ እንደሚችሉ ይላል። የጣሊያንኛው ግን ግዴታ ያስገባቸዋል። ንጉሡ መንገሣቸውን ለአውሮፓ ነገሥታት ጽፈው ሲልኩ፣ ከእንግሊዝና ከጀርመን የመጣው መልስ «በጣሊያን በኩል ይሁን» የሚል ሆነ። አንድ ወረቀት፣ ሁለት አንባቢ፣ ሁለት ትርጉም!

ምኒልክ በሚያዝያ 1883 ዓ.ም. ለአውሮፓ መንግሥታት ደብዳቤ ጻፉ። እዚያ ላይ የሚናገሩት አውሮፓ በሚገባው ቋንቋ ነው፤ የአገራቸውን ወሰን በቦታ ስም ይዘረዝራሉ፣ ኢትዮጵያንም በአረማውያን ባሕር የተከበበች የክርስቲያን ደሴት አድርገው ይስሏታል። በ1885 ዓ.ም. ደግሞ ውሉን አፈረሱት።

አሁን ወደ መስከረም 1888 ዓ.ም. እንምጣ። ነጋሪት ተጎሰመ፣ አዋጁ ተነገረ። አንቀጽ 17 የት አለ? የለም። ውጫሌ የምትል ቃል እንኳ የለችም። ገበሬው ስለ ውል አንቀጽ ምን ያውቃል? ባሕር ተሻግሮ የመጣውን ጠላት ግን መሬት በሚቆፍር ፍልፈል መሰሉለት፤ ፍልፈልን የማያውቅ ገበሬ የለም። በክፉ ቀን ከብቱ ማለቁንና ሰው መድከሙንም አነሡ። ሰሚው እንደተጎዳ ተናጋሪው ማወቁን የሚያሳይ ነገር እኛ በራሪ ወረቀታችን ላይ አንድ መስመር አልነበረንም።

ከሁሉ የሚገርመን ግን በዚያች አጭር አዋጅ ውስጥ ስንት ዓይነት ሰው እንዳለ ነው። አቅም ያለው በጉልበቱ እንዲረዳ፣ የሌለው ስለ ልጁ፣ ስለ ሚስቱና ስለ ሃይማኖቱ ብሎ በሐዘኑ እንዲያግዝ ተጠየቀ። ሽማግሌውም በሽተኛውም ድርሻ አገኘ ማለት ነው። ሆን ብሎ ለሚቀረው ደግሞ ዛቻው ቀረበለት። መጨረሻ ላይም ሥራው መጣ፤ የሸዋ ሰው በጥቅምት አጋማሽ ወረኢሉ ላይ ይገኝ። ቦታና ቀን። «ምን አድርጊ ነው የምትሉኝ?» ለሚል ሰው ከዚህ የበለጠ መልስ የት ይገኛል?

አዋጁ እንከን የለውም እያልን አይደለም። በማርያም ምለው የሚጠሩት አገር ውስጥ ሙስሊሙም ሌላውም ነበረ፤ አማርኛ የማይሰማውም ብዙ ነው። ያም ሆኖ ወደ መቶ ሺህ የሚገመት ሠራዊት ተሰበሰበ። የካቲት 23 ቀን አድዋ ላይ የሆነውን ለእናንተ መንገር አያስፈልገንም።

ነጋሪቱ ስሙን ለጋዜጣ አውርሷል፤ ነጋሪት ጋዜጣ በ1934 ዓ.ም. መታተም ጀመረ። እስቲ አንድ ቅጂ ገልጣችሁ ለአያታችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸውና ፊታቸውን እዩ!

እኛም በራሪ ወረቀታችንን እንደገና እየጻፍነው ነው። የመጀመሪያውን አንቀጽ ሙሉ በሙሉ አውጥተን ጣልነው። ወረቀቱ አሁን የሚጀምረው የትኛው ቀን፣ የትኛው ጤና ጣቢያ እንደሚኬድ በመናገር ነው። በሁለተኛው አንቀጽ ላይ ግን እስካሁን እየተጨቃጨቅን ነው፤ እኚያን እናት ፈልገን ልናስነብባቸው ወስነናል።