ብዙ ኪሎ ሜትር የተጓዙ ተሽከርካሪዎች የአገልግሎት ዘመንና የባለንብረቱ ኃላፊነት

አንድ ተሽከርካሪ ምን ያህል ዘመን ሊያገለግል እንደሚችል ማወቅ ለባለንብረቱ፣ ለተሳፋሪውና ለእግረኛው ጠቃሚ ነው። ተሽከርካሪ ለብዙ ቤተሰብ በረጅም ዓመታት ቁጠባ የተገኘ ንብረት ሲሆን፣ በታክሲና በጭነት ሥራ ለተሰማሩ ዜጎች ደግሞ መተዳደሪያ ነው። በኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ዕድሜያቸው በገፋ ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ ከፍ ያለ ታክስ ተጥሏል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮም በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ተወስኗል። በመሆኑም ዛሬ በመንገድ ላይ የሚገኙት የቤንዚንና የናፍታ መኪኖች ገና ለብዙ ዓመታት እንደሚያገለግሉ ይጠበቃል። ይህ ጽሑፍ የተሽከርካሪን ዕድሜ የሚወስኑ ነገሮችን፣ ያገለገለ ተሽከርካሪ የሚገዛ ሰው ሊያረጋግጣቸው የሚገቡ ጉዳዮችን እንዲሁም ተሽከርካሪ ከአገልግሎት ሊወጣ የሚገባበትን ጊዜ ያብራራል።

የኪሎ ሜትር ቆጣሪ ምን ይገልጻል?

የኪሎ ሜትር ቆጣሪ ተሽከርካሪው የተጓዘውን ርቀት ይመዘግባል እንጂ ሞተሩ የሠራበትን ሰዓት፣ የተሸከመውን ጭነት ወይም የተደረገለትን እንክብካቤ አይናገርም። ለምሳሌ በከተማ መጨናነቅ ውስጥ በአማካይ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና 100,000 ኪሎ ሜትር ለመድረስ ሞተሩ 4,000 ሰዓት ይሠራል። በአገር አቋራጭ መንገድ በአማካይ በሰዓት 75 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና ግን ይህንኑ ርቀት ከ1,400 ባነሰ ሰዓት ይሸፍናል። ሁለቱ ቆጣሪዎች አንድ ዓይነት ቁጥር ቢያሳዩም የሞተሮቹ ድካም እኩል አይደለም።

ቆጣሪው ሊያሳስት የሚችልባቸው ሌሎች ምክንያቶችም አሉ። ከአሜሪካ የመጡ መኪኖች ርቀትን የሚቆጥሩት በማይል ሲሆን 100,000 ማይል ወደ 161,000 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ባለ አምስት አኃዝ የሆኑ የቆዩ ቆጣሪዎች 99,999 ከደረሱ በኋላ እንደገና ከዜሮ ይጀምራሉ። ከዚህም ሌላ ቆጣሪን ሆን ብሎ ወደ ኋላ መመለስ በብዙ አገሮች ያገለገሉ መኪኖች ገበያ የሚታይ ማጭበርበር ነው። ስለሆነም ቆጣሪው የሚያሳየው ቁጥር ከሌሎች ማስረጃዎች ጋር ሳይመሳከር ብቻውን ለውሳኔ መሠረት ሊሆን አይገባም።

ረጅም ርቀት በመጓዝ የታወቁ ተሽከርካሪዎች

በአንድ ባለቤት እጅ ረጅሙን ርቀት በመጓዝ በዓለም የድንቃድንቅ መዝገብ የሰፈረው እ.ኤ.አ. በ1966 የተሠራ ቮልቮ ፒ 1800 ኤስ ነው። ባለቤቱ አሜሪካዊው መምህር ኢርቭ ጎርደን እ.ኤ.አ. በ2013 ሦስት ሚሊዮን ማይል፣ ማለትም ከ4.8 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ አስቆጥረውበታል። በግሪክ ደግሞ የታክሲ አሽከርካሪው ግሪጎሪዮስ ሳቺኒዲስ የ1976 ሥሪት በሆነው መርሴዲስ 240 ዲ 4.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘዋል። መኪናው እ.ኤ.አ. በ2004 ወደ አምራቹ ስብስብ ገብቷል።

እነዚህ መኪኖች ለዚህ የበቁት ሳይበላሹ ቀርተው አይደለም። የቮልቮው ሞተር በመሐል ታድሷል፤ የታክሲው ሞተርም በተደጋጋሚ ተቀይሯል። ለረጅም ዕድሜ ያበቃቸው አገልግሎቱ በወቅቱ መሰጠቱና የደከመው ክፍል ሌላውን ሳያበላሽ መለወጡ ነው። በአዲስ አበባ ለአሥርተ ዓመታት ሕዝብ ያመላለሱት ላዳ ታክሲዎችም በአገር ውስጥ ባለሙያዎች ጥገናና በመለዋወጫ አቅርቦት እንደቆዩ ይታወቃል።

የተሽከርካሪን ዕድሜ የሚወስኑ ነገሮች

የሞተር ዘይት፦ ዘይት የሞተርን ክፍሎች ከመፋጨት ይጠብቃል፤ ሙቀትንና ቆሻሻንም ይሸከማል። ዘይትና የዘይት ፊልትሮ አምራቹ በወሰነው ጊዜ ወይም ርቀት፣ ከሁለቱ በቀደመው ሊለወጡ ይገባል። አቧራማ መንገድ፣ ከባድ ጭነትና የከተማ መጨናነቅ አምራቾች አስቸጋሪ የአጠቃቀም ሁኔታ ብለው የሚመድቧቸው ስለሆኑ የመለወጫው ጊዜ ያጥራል። የአየር ፊልትሮ ችላ ከተባለ አቧራ ወደ ሞተሩ ገብቶ ፒስተንንና ፋሻን ይበላል።

የማቀዝቀዣ ሥርዓት፦ ይህ ጉዳይ በደጋማው የአገራችን ክፍል ልዩ ትኩረት ይሻል። ውኃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲፈላ፣ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነው በአዲስ አበባ ግን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የብዙ ሞተሮች መደበኛ የሥራ ሙቀት ከዚህ ብዙም አይርቅም። ሞተሩን ከመፍላት የሚጠብቁት የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊትና ከውኃ ጋር የሚቀላቀለው የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ናቸው። ክዳኑ ግፊት መያዝ ካቃተው ወይም ራዲያተሩ በተራ ውኃ ብቻ ከተሞላ ሞተሩ በዳገት ላይ ሊፈላ፣ ቴስታታው ሊጣመምና ጓርኒሲዮኑ ሊቃጠል ይችላል። በአነስተኛ ወጪ የሚለወጥ ክዳን ችላ በመባሉ ሞተር እስከ ማውረድ የሚያደርስ ጉዳት ይከተላል። ሞተሩ በጋለበት ጊዜ የራዲያተሩን ክዳን መክፈት ለከባድ ቃጠሎ ስለሚዳርግ ፈጽሞ አይገባም።

የታይሚንግ ቺንጋ፦ የጎማ ቺንጋ ያላቸው ብዙ ሞተሮች ከ90,000 እስከ 100,000 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ ውስጥ ቺንጋቸው እንዲለወጥ ይጠይቃሉ። ቺንጋው በጉዞ ላይ ከተበጠሰ በብዙ ሞተሮች ፒስተንና ቫልቭ ተጋጭተው ከፍተኛ ጉዳት ያደርሳሉ። ቀደም ሲል መቼ እንደተለወጠ ማስረጃ ከሌለ ጊዜው እንዳለፈበት መቁጠር ይሻላል።

ፍሬንና ጎማ፦ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ እንደሚወርደው ያለ፣ ከ1,000 ሜትር በላይ የሚዘልቅ ቁልቁለት ፍሬንን እጅግ ያግላል። የፍሬን ዘይት በጊዜ ብዛት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ የመፍያ ሙቀቱ ዝቅ ይላል፤ ዘይቱ ሲፈላም ፔዳሉ ወለል ድረስ ወርዶ ፍሬኑ ሊከዳ ይችላል። ስለዚህ ብዙ አምራቾች የፍሬን ዘይት በየሁለት ዓመቱ እንዲለወጥ ይመክራሉ። በቁልቁለት ላይ ማርሽ ዝቅ አድርጎ በሞተር ኃይል ፍጥነትን መቆጣጠር የአሽከርካሪው ግዴታ ሊሆን ይገባል። ጎማ ደግሞ ጥርሱ ባያልቅም በዕድሜ ይደርቃል። በጎኑ ላይ ከሚታየው ጽሑፍ የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ያመለክታሉ፤ ለምሳሌ 2319 ማለት እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው።

አካልና ሻንሲ፦ ሞተርና ካምቢዮ ሊታደሱ ወይም ሊለወጡ ይችላሉ። ሻንሲው በዝገት ከተበላ ወይም በግጭት ከተጣመመ ግን ተሽከርካሪው ተሳፋሪን የመጠበቅ አቅሙን ያጣል። የተሽከርካሪ ዕድሜ የመጨረሻ ወሰን አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቀው በዚህ ነው።

ያገለገለ ተሽከርካሪ ከመግዛት በፊት

ገዢው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት የሚከተሉትን ማረጋገጥ ይኖርበታል፦

1. በተሽከርካሪው ላይ የተቀረጹት የሻንሲና የሞተር ቁጥሮች በባለቤትነት ደብተሩ ወይም ሊብሬው ላይ ከሰፈሩት ጋር አንድ መሆናቸውን።
2. ተሽከርካሪው ከዕዳና ከእገዳ ነጻ መሆኑን፣ የዓመታዊ ምርመራና የሦስተኛ ወገን መድን ሰነዶቹም የጸኑ መሆናቸውን።
3. በቆጣሪው የሚታየው ርቀት ከአገልግሎት ደረሰኞች፣ ከፔዳሎች፣ ከመሪና ከመቀመጫ ማርጀት ጋር መጣጣሙን። 60,000 ኪሎ ሜትር ብቻ ተጉዟል የተባለ መኪና የፍሬን ፔዳሉ ጎማ አልቆ ከተገኘ ጥርጣሬ ሊያድር ይገባል።
4. ሞተሩ ከቀዘቀዘበት ሲነሣ የሚያወጣውን ጭስ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቋርጥ ነጭ ጭስ የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ወደ ሞተሩ እየገባ መሆኑን ሊያመለክት ይችላል።
5. ከሻጩ ጋር ግንኙነት በሌለው ባለሙያ መመርመሩንና በዳገት፣ በቁልቁለትና በኮረኮንች መንገድ መሞከሩን።

የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች

የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ የሞተር ዘይትም ሆነ የታይሚንግ ቺንጋ የለውም፤ ዕድሜውን በዋናነት የሚወስነው ባትሪው ነው። የባትሪ አቅም በአጠቃቀምና በጊዜ ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ብዙ አምራቾች ለባትሪ የሚሰጡት ዋስትና 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር ነው። ገዢው የባትሪውን ቀሪ አቅም በምርመራ መሣሪያ ማረጋገጥና ዋስትናው በኢትዮጵያ ውስጥ የጸና ስለመሆኑ በጽሑፍ መጠየቅ ይገባዋል። ፍሬን፣ ጎማና መሪ እንደማንኛውም ተሽከርካሪ ክትትል ያስፈልጋቸዋል።

ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ

በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪዎች የቴክኒክ ብቃታቸው በየጊዜው ሊመረመር ይገባል። ምርመራው ቦሎ ለማግኘት ብቻ የሚፈጸም ሥርዓት ተደርጎ መወሰድ የለበትም። ለምርመራው ቀን ብቻ ደህና ጎማ ወይም መብራት ተውሶ መቅረብ መርማሪውን ለአንድ ቀን ቢያሳስትም ባለንብረቱን፣ ቤተሰቡንና መንገደኛውን ለቀሪው ዓመት ለአደጋ ያጋልጣል።

ተሽከርካሪ ከአገልግሎት የሚወጣበት ጊዜ

ሻንሲው የተሰነጠቀ ወይም በዝገት የሳሳ፣ መሪው ወይም ፍሬኑ በተደጋጋሚ ተጠግኖ የማይጸና፣ ለደህንነት አስፈላጊ የሆነ መለዋወጫው የማይገኝ ተሽከርካሪ በቆጣሪው ላይ የሚታየው ርቀት አነስተኛ ቢሆንም ከመንገድ ሊወጣ ይገባል። በአንጻሩ አካሉ ጤናማ የሆነ፣ የአገልግሎት መዝገቡ የተሟላና ምርመራውን በሐቅ ያለፈ ተሽከርካሪ 400,000 ኪሎ ሜትር ስለተጓዘ ብቻ አርጅቷል አይባልም።

ባለንብረቶች እያንዳንዱን የዘይት፣ የቺንጋ፣ የፍሬንና የጎማ ለውጥ ከቀኑና ከኪሎ ሜትሩ ጋር በመዝገብ እንዲይዙ፣ ደረሰኞችንም እንዲያስቀምጡ ይመከራል። መዝገቡ ጥገናን በወቅቱ ለመፈጸም ይረዳል፤ በሽያጭ ጊዜም ለገዢው አስተማማኝ ማስረጃ ይሆናል። ስለ ምርመራ፣ ስለ ስም ዝውውርና ተሽከርካሪን ከመዝገብ ስለ ማሰረዝ ዝርዝር መረጃ ተሽከርካሪው በተመዘገበበት ክልል ወይም ከተማ አስተዳደር የትራንስፖርት ቢሮ በመቅረብ ማግኘት ይቻላል።