የጋሪ ፈረስ ጥማትና ጨው፦ የአንድ ጥናት ድምዳሜ ሲፈተሽ

ከወልቂጤ ወደ አታት በሚወስደው መንገድም ሆነ በቡታጅራ ጎዳናዎች ጋሪ የሚጎትት ፈረስ ፀሐይ ሲበረታ በላብ ይጠመቃል። ማታ ውኃ ይቀርብለታል፤ ጥቂት ጠጥቶ ቀና ሲል ረክቷል ተብሎ ወደ መኖው ይወሰዳል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ረክቷል ከሚለው ፍርድ ጋር ነው።

ስለ ሥራ እንስሳት ደኅንነት ብዙ ተጽፏል። ስለ ጀርባ ቁስል፣ ስለ ኮቴና ስለ ሆድ ትል የተባለው አያከራክረኝም። የማልስማማው እ.ኤ.አ. በ2008 ጆይ ፕሪቻርድና ባልደረቦቻቸው የፓኪስታን የሥራ ፈረሶችን አጥንተው ከደረሱበት ድምዳሜ ጋር ነው። የጥናቱ አንድ ወገን ጠንካራ ነው፦ ቆዳን ቆንጥጦ የሚመለስበትን ጊዜ መቁጠርም ሆነ የድድን መድረቅ ማየት የውኃ እጥረትን በአስተማማኝ እንደማያሳይ ደርሰውበታል። ከዚህ ተነሥተው ግን ለፈረሱ የሚጥመውን ውኃ እንደልቡ ማቅረብ ምርመራውም ሕክምናውም ነው ይላሉ። ይህ ምክር መስክ ሲወርድ ያልጠጣ ፈረስ አልጎደለበትም ወደሚል ፍርድ መለወጡ አይቀርም።

ችግሩ የሚጀምረው ከላቡ ነው። የሰው ላብ ከደሙ ይልቅ ጨው የሳሳበት ስለሆነ፣ ሰው ባላበው መጠን ደሙ ውስጥ የቀረው ጨው እየበረታ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ይጠማል። የፈረስ ላብ ግን እንደ ደሙ ወይም ከደሙ በላይ ጨዋማ ነው፤ በአንድ ሊትር ላብ 3 ግራም ያህል ሶዲየም፣ ከ5 እስከ 6 ግራም ክሎራይድ፣ ከ1 እስከ 2 ግራም ፖታሲየም ይወጣል። ውኃና ጨው አብረው ስለሚወጡ በደሙ ውስጥ ያለው የጨው ብርታት እምብዛም አይለወጥም፤ ጥማቱም ይዘገያል። ይባስ ብሎ ጥቂት ንጹሕ ውኃ ሲጠጣ የቀረው ጨው ይሳሳና ጥማቱ ይቆማል፤ ሰውነቱ ግን ገና ብዙ ይጎድለዋል። በሙቀት ውስጥ በጠና ሥራ የተጠመደ ፈረስ በሰዓት ከ10 ሊትር በላይ ላብ ሊያጣ ይችላል። የጋሪ ፈረስ በሰዓት የሚያጣው ከዚህ ቢያንስም ነገም ከነገ ወዲያም ይደገምበታል።

ይህን ያስተማሩን የረጅም ርቀት ግልቢያ አጥኚዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ካርልሰን የካሊፎርኒያ ግልቢያ ፈረሶችን ደም መርምረው የክሎራይድ መጠን እንደሚያሽቆለቁል አሳይተዋል። ለዚህ ክርክር ይበልጥ የሚጠቅመው ግን የቡቱዶምና የሾት እ.ኤ.አ. የ2002 ጥናት ነው። ውኃ የጎደላቸው ፈረሶች መጀመሪያ 0.9 በመቶ ጨው ያለበት ውኃ፣ ቆየት ብሎ ንጹሕ ውኃ ሲቀርብላቸው፣ ከመጀመሪያው ንጹሕ ውኃ ከጠጡት ይልቅ በድምሩ ብዙ ጠጡ፤ ክብደታቸውም የተሻለ ተመለሰ። እንግዲህ ንጹሕ ውኃ ብቻውን ምርመራም ሕክምናም ሊሆን አይችልም።

ወፍራም የጨው ቅልቅል አፍ ውስጥ መጋት ግን መፍትሔ አይደለም። ሆልብሩክና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2005 እንዳሳዩት በየሰዓቱ ለስምንት ሰዓት የተደጋገመ ወፍራም ቅልቅል የፈረስን ጨጓራ ያቆስላል። እኔ የምለው በ5 ሊትር ውኃ 45 ግራም የገበታ ጨው በጥብጦ ማስቀደም፣ ወዲያው ንጹሕ ውኃ ማስከተል ነው። ፈረስ ጨዋማ ውኃ አይጠጣም የሚሉ አሉ፤ በጥቂቱ ጀምሮ ማለማመድ ይበቃል። አሞሌ ጨው ማስላስ ይበቃል ለሚሉም፣ ደክሞ የገባ ፈረስ ያጣውን ያህል ጨው በአንድ ምሽት ልሶ አይተካም። አሞሌው ተወቅጦ ከፉርሽካ ጋር በየዕለቱ ቢሰጠው ይሻላል። ስለ አሞሌ ገንዘብነት ብዙ ተጽፏል፤ መኖነቱም ያንኑ ያህል ትኩረት ይገባው ነበር። ቦሌ የሚባለው ሶዳ የሚበዛበት አፈር ግን አሞሌን አይተካም፤ ፈረሱ በይበልጥ ያጣው ክሎራይድ ነውና፣ ክሎራይድ ሲጎድል ደሙ ወደ አልካሊነት ያዘነብላል፤ ሶዳ ደግሞ ይህንኑ ያብሳል።

በእርግጥ የተጠቀሱት ሙከራዎች በጋሪ ፈረስ ላይ አልተሠሩም፤ ልኩም በየቦታው መፈተሽ አለበት። ቢሾፍቱ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የወልቂጤንና የቡታጅራን የጋሪ ፈረሶች ከሥራ በፊትና በኋላ መዝኖ፣ የደማቸውን ሶዲየምና ክሎራይድ ለክቶ፣ ንጹሕ ውኃ ብቻ ማጠጣትንና ጨዋማውን ማስቀደምን ያወዳድር። እስከዚያው ውኃ እንቢ ያለን ፈረስ ረክቷል ብሎ መመዝገብ ይቁም።