ኅዳር ሲታጠን፦ ጭሱ ነው ያዳናቸው?

ባለፈው ሰሞን አንድ ተማሪያችን «ቲቸር፣ የኅዳር በሽታን ያጠፋው ጭሱ ነው አይደል?» ብሎ ጠየቀን። መልሱ ለሁላችንም ይጠቅማል ብለን እነሆ ጻፍነው።

ታሪኩ የምንኖርባትን ጅቡቲ ከተማንም ይነካል። ከዚህ ወደብ የተነሳው የባቡር ሐዲድ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ገባ። በቀጣዩ ዓመት፣ ማለትም በኅዳር 1911 ዓ.ም.፣ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባን መታ። በሽታው በዚሁ መስመር እንደገባ ብዙዎች ይገምታሉ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪም ታመው ተርፈዋል፤ በሕይወት ታሪካቸው በከተማይቱ ከ10 ሺህ በላይ ሰው እንደሞተ ጽፈዋል። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ የማቃጠል ልማዳችን ከዚያ መከራ ጋር ይያያዛል።

ታዲያ የተረፉትን ማን ጠበቃቸው? የገዛ ሰውነታቸው ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ዕድሜያቸው ከ91 እስከ 101 የሆኑ 32 አረጋውያን ደም ተመረመረ። በልጅነታቸው በዚያ ዘመን ያለፉ ናቸው። ከ90 ዓመት በኋላም ደማቸው ያንን ቫይረስ ያውቀው ነበር!

ነገር ግን ሰውነታችን ሌላም ዘበኛ አለው። የአፍንጫችንና የሳንባችን ውስጠኛ ስስ ሽፋን አንዴ የታገለውን ጠላት የሚያስታውሱ ሴሎችን እዚያው ያስቀራል። ንፍጣችን ውስጥም ፀረ እንግዳ አካላት አሉ። እነዚህ በር ላይ እንደቆመ ዘበኛ ቶሎ ይደርሳሉ። ችግሩ ምንድነው፣ የሳንባው ዘበኛ በወራት ውስጥ እየሳሳ ይሄዳል፤ ኢንፍሉዌንዛም መልኩን ይቀያይራል። ጉንፋን የሚመላለስብን ለዚህ ነው። ክንዳችን ላይ የምንወጋው ክትባትም በይበልጥ የሚያስተምረው ደማችንን ነው፤ ስለዚህ የተከተበ ሰው ሊታመም ይችላል፣ በጠና የመታመም ዕድሉ ግን ይቀንሳል።

እንግዲህ ለተማሪያችን የምንመልሰው እንዲህ ነው፦ ቆሻሻ መጥረጉ መልካም ነው፤ ጭሱ ግን ቫይረሱን አላጠፋም። እንዲያውም ያንኑ ዘበኛ የሚያድርበትን ሽፋን ይጎዳል። ስለዚህ ወላጆች፣ ልጆች በሚተኙበት ክፍል ከሰል አናጭስ፣ መስኮት እንክፈት። ትክትክና ዘጊ አናዳ የሚከላከሉ ክትባቶችንም ሳናቋርጥ እናስጨርስ። የኅዳርን ሙታን የምናስበው የዛሬዎቹን ልጆች ስንጠብቅ ነው።